ኦዲተሯ የያዘችኝ በራሳችን ማኑዋል ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ መንግስት ግራንት፣ ማለትም መንግስት ለአንድ ስራ በስምምነት ስለሚሰጠው ገንዘብ፣ አያያዝ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ደህና ጽሁፍ ነው፣ የጻፈው ሰውም ስራውን የሚያውቅ ይመስላል፣ ግን መሀል ላይ ያለች አንዲት አረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። "የግራንቱ ህግና የድርጅቱ ፖሊሲ ሲጋጩ ሁልጊዜ የገንዘብ ሰጪው ይጸናል" ትላለች። ይቺን አባባል እኔም ድሮ አምኜባት ነበር፣ ስልጠና ላይ ሰምቻታለሁ፣ ለአዳዲስ ሰራተኞችም ይቅር ይበለኝና አስተምሬያታለሁ፣ በመጨረሻ ግን በሷው ምክንያት ኦዲት ላይ አንገቴን ደፍቻለሁ። ስለዚ ደብዳቤዬ ረዘም ቢልም ታገሱኝ፣ ነገርን ከስሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከዛ ኦዲት ልጀምር።

ከአስር አመት በላይ የሰራሁት የግራንት ሂሳብ ነው፣ አብዛኛው ደሞ የአሜሪካ ፌደራል መንግስት ገንዘብ፣ ለዛ ነው ምሳሌዎቼ ሁሉ ከዛው የሚሆኑት። በዛን ጊዜ የምሰራበት ድርጅት የግዢ ማኑዋል ከ3,000 ዶላር በላይ ለሆነ ማንኛውም ግዢ ሶስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ይላል። የፌደራሉ ህግ ግን ያኔ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ዋጋው ተገቢ እስከሆነ ያለ ውድድር መግዛት ይቻላል ይል ነበር፣ ማይክሮ ፐርቼዝ የሚሉት ነው። የግዢ ባልደረባችን መጣና "እቃው 7,200 ዶላር ነው፣ አንድ አቅራቢ ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ግራንቱ ይፈቅዳል አይደል?" አለኝ። ህጉን ከፈትኩ፣ ይፈቅዳል። ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር ህጉን ገልጬ ማየቴ ራሱ ትልቅ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር፣ ስንቱ ሳያይ ነው የሚፈርመው።

ኦዲተሯ ስትመጣ ያንን ፋይል አወጣችና "ሶስቱ ፕሮፎርማ የታሉ?" አለች። ግራንቱ እስከ 10,000 አይጠይቅም አልኳት፣ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ ነው የመለስኩት። እሷ ግን ምንም አልተከራከረችም፣ የራሳችንን ማኑዋል ከፍታ ገጹን አሳየችኝ፣ ቀጥላ ደሞ ከፌደራሉ የግራንት ህግ ክፍል 200 ውስጥ ቁጥር 403 ላይ ያለችውን አንቀጽ አነበበችልኝ። አንድ ወጪ ተቀባይነት እንዲኖረው ድርጅቱ በፌደራል ገንዘብም በሌላ ገንዘብም ለሚሰራው ስራ እኩል ከሚጠቀምበት ፖሊሲ ጋር መስማማት አለበት ነው የምትለው። 7,200ው ዶላር ተመላሽ ይሁን ተባለ። እኔ የዶነሩን፣ የገንዘብ ሰጪውን ማለቴ ነው፣ ህግ ሳገላብጥ ቤቴ ውስጥ ያለውን ማኑዋል ረስቼው፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ሆነብኝ።

እንግዲህ ይሄ ነው ሰው የማይረዳው። ይሄ ክፍል 200 የሚባለው፣ ዩኒፎርም ጋይዳንስ እየተባለም የሚጠራው፣ የአሜሪካ መንግስት የበጀትና አስተዳደር ጽህፈት ቤት በታህሳስ 2013 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀደም ብለው የነበሩ ስምንት መመሪያዎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ያወጣው ህግ ነው፣ ከአንድ አመት በኋላ ነው ስራ ላይ የዋለው። (ከዚህ በታች ያሉት አመቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ህጉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው የሚያየው አንድ ነገር አለ፣ የናንተን ፖሊሲ አይሽረውም፣ ጭራሽ ስቦ ያስገባዋል። የጉዞ አበል ላይ "በጽሁፍ ባለው ፖሊሲያችሁ መሰረት" ይላል፣ የጽሁፍ ፖሊሲ ከሌላችሁ ነው የመንግስት ተመን የሚመጣው። የሰራተኛ ፈቃድና ጥቅማጥቅም ላይም እንደዛው። ቋሚ እቃ ላይ ደሞ የባሰ ነው፣ ከ2024ቱ ማሻሻያ በኋላ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ እቃ ነው ኢኩዊፕመንት የሚባለው ብለው ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር፣ ከዛ በፊት 5,000 ነበረ። ግን ትርጉሙን ጨርሳችሁ ብታነቡት "ድርጅቱ በሂሳብ ፖሊሲው ካስቀመጠው መነሻ ወይም ከ10,000 ዶላር የሚያንሰው" ነው የሚለው። ሂሳብ ክፍላችሁ መነሻው 2,000 ነው ብሎ ከጻፈ ለናንተ 2,000 ነው። 10,000 ሲባል ሰምቶ የ4,000 ዶላር እቃ ያለ ቅድመ ፈቃድ የገዛ ድርጅት ካለ ዛሬውኑ የሂሳብ ማኑዋሉን ቢያይ ይሻለዋል።

ስለዚ "የገንዘብ ሰጪው ሁልጊዜ ይጸናል" የሚለው ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ከመጽናቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ግጭት አለ ወይ? ብዙ ሰው ሁለት ወረቀት የተለያየ ነገር ሲል ካየ ግጭት ነው ይላል። አይደለም። መፍቀድና ማዘዝ ይለያያሉ። ግራንቱ "ትችላለህ" ሲልና ማኑዋሉ "አትችልም" ሲል ማንም ከማንም አልተጋጨም፣ ባለማድረግህ ግራንቱን አልጣስክም፣ ማኑዋሉንም አከበርክ፣ አለቀ። የኔ ሶስት ፕሮፎርማ እንደዛ ነበረች፣ ሶስት ብሰበስብ ኖሮ ማን ይቆጣኝ ነበር? ግጭት የሚባለው አንዱን ስትፈጽም ሌላውን መጣስህ የግድ ሲሆን ነው፣ አንዱ "አድርግ" ሌላው "እንዳታደርግ" ሲሉ። በኔ ልምድ ቢሮዬ ድረስ ግጭት ነው ተብለው ከመጡት ጉዳዮች አብዛኞቹ ጠበቅ ያለውን በመከተል ብቻ የሚያልቁ ነበሩ።

የሰነድ አያያዝ ውሰዱ። የፌደራሉ ህግ የመጨረሻው የፋይናንስ ሪፖርት ከገባ ጀምሮ 3 አመት ያስቀምጡ ይላል፣ የብዙ ድርጅት ፖሊሲ ደሞ 7 አመት። ሰባት አስቀምጡ፣ ሶስቱም ተሟላ። እዚህ ላይ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ጠበቅ ያለው የትኛው እንደሆነ በቁጥር ይታያላ። ወደ ሰው ጠባይና ወደ ሰው ሚስጥር ሲገባ ግን ሁሉም ይደናገራል።

ለምሳሌ የማሪዋና ጉዳይ። አንዳንድ የአሜሪካ ስቴቶች ፈቅደዋል፣ ፌደራሉ አልፈቀደም፣ ግራንት የሚቀበል ድርጅት ደሞ በ1988ቱ ከአደንዛዥ እጽ ነጻ የስራ ቦታ ህግ ይገደዳል። የሰው ሀይል ክፍሉ በድንጋጤ "ሰራተኛ ሁሉ ይመርመር፣ ካልሆነ ግራንቱን እናጣለን" ይላል፣ ጠበቃው ደሞ "የስቴቱ ህግ ሰራተኛን ከስራ ሰአት ውጭ ባደረገው አትቅጣ ይላል" ይላል፣ እንካ ሰላንትያ ይጀመራል። አሁን የ1988ቱን ህግ አውጥታችሁ አንብቡት፣ የሽንት ምርመራ አድርጉ የሚል ነገር የለበትም። የስራ ቦታው ላይ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ መመሪያ አውጡ፣ ለሰራተኛው ስጡ፣ ግንዛቤ አስጨብጡ፣ በስራ ቦታ በእጽ ወንጀል የተፈረደበት ካለ ለሰጪው መስሪያ ቤት አሳውቁ ነው የሚለው በዋናነት። ቅዳሜ ቤቱ ተቀምጦ ያደረገውን አያነሳም። እርግጥ በሌላ ህግ ምርመራ የሚገደዱ ስራዎች አሉ፣ ከባድ መኪና መንዳት አይነት፣ እነሱ ለብቻ ናቸው። ግን ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተነሳው ህጉ ባላለው ነገር ነው፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ከዚህ በኋላ ነው እውነተኛው ግጭት የሚመጣው፣ እሱም አለ፣ የለም አልልም። ለረጅም ጊዜ ጥሩ ምሳሌ የነበረው የአካባቢ ነጋዴ ቅድሚያ ነው። አንድ ከተማ በጨረታ ላይ የከተማው ነጋዴ ተጨማሪ ነጥብ ያግኝ የሚል ደንብ አለው፣ ግዴታ ነው፣ የግዢ ሀላፊው ነጥቡን ካልሰጠ የከተማውን ደንብ ጣሰ። ክፍል 200 ደሞ በሌላ የፌደራል ህግ ካልታዘዘ ወይም ካልተበረታታ በቀር ለአካባቢ ቅድሚያ አትስጥ ይል ነበር። ይሄ እንግዲህ አድርግና እንዳታደርግ ፊት ለፊት የተገናኙበት ነው። እዚህ ላይ ጠበቅ ያለውን ተከተል የሚባል ነገር አይሰራም፣ የትኛው ነው ጠበቅ ያለው? ሁለቱም ጠበቅ ያሉ ናቸው፣ አቅጣጫቸው ነው የተለያየው። በፌደራል ገንዘብ እስከተገዛ ድረስ የሚጸናው የፌደራሉ ነበር፣ ነጥብ የሰጡ ከተሞች ወጪያቸው ውድቅ ይሆን ነበር። ብልሆቹ ያደረጉት ጨረታውን ለሁለት መክፈል ነው፣ በከተማው በጀት የሚገዛውን በከተማው ደንብ፣ በግራንት የሚገዛውን በግራንቱ።

ነበር ነበር የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ስራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ያንን ክልከላ አውጥቶታል። ስለዚ ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ "የአካባቢ ቅድሚያ ይቻላል አይቻልም?" ብሎ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የስምምነቱን ቀን ነው። ከዛ ቀን በፊት የተሰጠ ግራንት ከሆነና ተሻሽሎ አዲሱን ህግ ካልተቀበለ አሮጌው ህግ ነው የሚገዛው። አንድ ድርጅት በአንድ ጊዜ አራት ግራንት ይዞ ሁለቱ በአሮጌው ሁለቱ በአዲሱ የሚተዳደሩበት ጊዜ አለ፣ ራስ ምታት ነው፣ እኔ ፋይሉ ሽፋን ላይ በትልቁ ቀኑን መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ሌላው የአውሮፕላን ትኬት ነው። የድርጅታችን ፖሊሲ "በጣም ርካሹ ትኬት ይገዛ" ይላል። ፍላይ አሜሪካ የሚባለው የ1974 ህግ ደሞ በፌደራል ገንዘብ የሚከፈል ጉዞ፣ የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች እስካልኖሩ ድረስ፣ በአሜሪካ አየር መንገድ ይሁን ይላል፣ ሌላው ርካሽ ነው ማለት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። አንድ አለቃዬ በ400 ዶላር የሚረክስ የሌላ አገር አየር መንገድ ትኬት አገኙና "ለመንግስት ገንዘብ ቆጠብኩለት" ብለው ቆረጡ፣ ደስም ብሏቸው ነበር። ከትኬቱ ዋጋ አንድም ሳንቲም ከግራንቱ አልተከፈለም። ልዩነቱ ብቻ መስሏቸው ስንት ጊዜ ተከራከሩኝ መሰላችሁ። በረራው እኮ የሌላ አገር አውሮፕላን ሆኖም ትኬቱ በአሜሪካ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር፣ ኮድሼር በሚሉት፣ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር። ያው መቀመጫ፣ ያው ሰአት፣ ቲኬቱ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ናቸው ልዩነቱ። በዛ ላይ ሌላም መውጫ ነበረ፣ ጉዞውን ከግራንቱ ሳይሆን ከድርጅቱ የራሱ ገንዘብ መክፈል። ግጭቱ የተጣበቀው በገንዘቡ ላይ ነው እንጂ በጉዞው ላይ አይደለም፣ ገንዘቡን ስትቀይረው ግጭቱም አብሮ ይሄዳል። በርግጥ የራሱ ገንዘብ ያለው ድርጅት ነው ይሄን የሚያደርገው፣ ለሌለው ቀልድ ነው።

አሁን ማን ከማን ይበልጣል ወደሚለው ልምጣ፣ ጽሁፋችሁ በአንድ መስመር ያለፈው እሱን ነው። ከላይ የህግ አውጪው ምክር ቤት ያወጣው ህግ አለ፣ ከስሩ ደንብ አለ፣ ክፍል 200 ራሱ በግልጽ ከህግ ወይም ከሌላ የፌደራል ደንብ ጋር ከተለያየ እነሱ ይበልጣሉ ይላል፣ ኦዲትን የሚመለከተው ክፍል ብቻ በህግ የተደገፈ ስለሆነ ለብቻው ይታያል። ከዛ የስምምነቱ ደብዳቤና ለናንተ ብቻ የተጻፉት ልዩ ሁኔታዎች፣ ከዛ ሁሉ በኋላ ነው የናንተ ማኑዋል። ግን ማኑዋሉ መጨረሻ ላይ ስለተቀመጠ ደካማ ነው ማለት አይደለም፣ ከላይ ያሉት ራሳቸው ጠቅሰውት የለ?

የስቴት ህግስ ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ብዙ ብለዋል። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያየው የሎረንስ ካውንቲ ጉዳይ አለ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ ካውንቲ ማለት በስቴት ስር ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው። ፌደራል መንግስቱ በካውንቲው ውስጥ ስላለው ግብር የማይከፈልበት መሬቱ ምትክ ክፍያ ይሰጣል፣ ህጉም ካውንቲው ለማንኛውም መንግስታዊ ስራ ያውለው ይላል። ስቴቱ ደሞ የለም እንደ መደበኛ ግብር ገቢ አከፋፍሉት፣ ለትምህርት ቤቶቹም ድርሻ ስጡ የሚል ህግ አወጣ። ፍርድ ቤቱ የስቴቱ ህግ ይወድቃል አለ፣ ምክንያቱም ለካውንቲው የተሰጠውን ነጻነት ነጠቀው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ቅድም "መፍቀድ ከመከልከል ጋር አይጋጭም" ብዬ ነበር፣ እዚህ ግን "ትችላለህ" የሚለው ራሱ አሸነፈ። ልዩነቱ የፈቃዱ አላማ ነው፣ የህጉ ፍላጎት ካውንቲው ራሱ እንዲወስን ነበር፣ ስለዚ ሌላ አካል ከላይ መጥቶ ሊወስንለት አይችልም። ካውንቲው ራሱ ፈልጎ ለትምህርት ቤቶቹ ቢሰጥ ግን ማንም አይከለክለውም። የኔም ነገር እንደዛ ነው፣ የሶስት ፕሮፎርማውን መስመር ከውጭ የጫነብን የለም፣ ራሳችን ነን የጻፍነው።

ሰጪውም ቢሆን እንደፈለገ አይፈነጭም። በ1981 ፔንኸርስት በሚባለው ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ምክር ቤቱ ገንዘብ ሲሰጥ ሁኔታ የሚያስቀምጥ ከሆነ በማያሻማ መንገድ ይናገር፣ ተቀባዩ ምን ውስጥ እንደገባ አውቆ ይፈርም አለ። በ1987 የመጠጥ እድሜን 21 ያላደረገ ስቴት የመንገድ ገንዘቡ 5 በመቶ ይቀነስበት የሚለው ህግ ፊቱ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ይሄ ማባበያ እንጂ ማስገደድ አይደለም ብሎ አሳለፈው። በ2012 ግን ሜዲኬድ የሚባለውን የድሆች የጤና መድን ማስፋፊያ ያልተቀበለ ስቴት የነበረውን የሜዲኬድ ገንዘብ በሙሉ ሊያጣ ይችላል ሲባል ይሄስ ግንባር ላይ መሳሪያ መደገን ነው ተባለ፣ አልፈቀዱም። እኔ የህግ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ከነዚህ የተማርኩት አንድ ሁኔታ ግልጽ ካልሆነ ዝም ብሎ የፈራ ሁሉ እጁን መስጠት እንደሌለበት ነው። ለመስሪያ ቤቱ "የትኛው አንቀጽ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጥያቄው ግን ለማን? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ፕሮግራም ኦፊሰሩን፣ በሰጪው መስሪያ ቤት ስራችንን የሚከታተለውን፣ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ስልክ ያነሳል፣ "ችግር የለም ቀጥሉ" ይላል። በሌላ ጊዜ እንደዛ ብለውን ቀጠልን፣ ከስምንት ወር በኋላ ሰውየው ስራ ቀየረ፣ አዲሷ ሀላፊ "ማን ፈቀደላችሁ?" አለች፣ እኛ ደሞ የያዝነው የስልክ ትዝታ። ስምምነቱን መቀየርም ሆነ ቅድመ ፈቃድ መስጠት የሚችለው የግራንት ኦፊሰሩ ነው፣ በደብዳቤው ላይ ስሙ ያለው፣ እሱም በጽሁፍ። ክፍል 200 ውስጥ 407 የሚለው ቁጥር የወጪ ጉዳይ አጠራጣሪ ከሆነ ከማውጣታችሁ በፊት በጽሁፍ ፈቃድ ብትጠይቁ ኋላ ከጭቅጭቅ ትድናላችሁ ይላል። መስሪያ ቤቶቹም ለአንድ ተቀባይ ለብቻው ልዩ ፈቃድ የሚሰጡበት መንገድ አለ። መጠየቂያው ኢሜይል አጭር ይሁን፣ የግራንቱን አንቀጽ፣ የራሳችሁን አንቀጽ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መፈጸም ለምን እንዳልተቻለ፣ ምን ለማድረግ እንዳሰባችሁ። መልሱን ፋይል ውስጥ ከኢንቮይሱ ጋር አያይዙት፣ ኢሜይል ሳጥናችሁ ውስጥ ብቻ አትተዉት፣ ሰው ሲለቅ ኢሜይሉ አብሮት ይዘጋል።

እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ በጣም የሚያሳዝኑኝ ግን ትልልቆቹ ድርጅቶች አይደሉም፣ ከነሱ ስር ያሉት ናቸው፣ ሰብግራንት የሚወስዱት፣ ማለትም ከትልቁ ድርጅት ግራንት ላይ ድርሻ የሚሰጣቸው። የፌደራሉ ህግ ወደነሱ ይወርዳል፣ በላዩ ላይ የመካከለኛው ድርጅት የራሱን ፖሊሲ ይደርባል፣ በሱ ላይ የራሳቸው ማኑዋል አለ። ሶስት ጌታ። መካከለኛው የራሱን ሀላፊነት ለመወጣት ተጨማሪ ሁኔታ መጨመር ይችላል፣ ህጉ ይፈቅድለታል፣ ግን የፈለገውን ሁሉ አይደለም። የአስተዳደር ወጪን ውሰዱ፣ ከመንግስት ጋር የተደራደሩት ተመን የሌላቸው ድርጅቶች የሚወስዱት መነሻ ተመን ከጥቅምት 2024 በኋላ ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል፣ መካከለኛውም በህግ ወይም በደንብ ካልተገደደ በቀር ከዛ በታች ውሰድ ብሎ ማስገደድ አይችልም። እና አሁንም "የድርጅታችን ፖሊሲ 10 በመቶ ነው" የሚል ኮንትራት ሲላክ አያለሁ። እዚህ ጋ በእርግጥ የግራንቱ ህግ ፖሊሲውን ይሽረዋል፣ ጽሁፋችሁ ያለው ልክ የሚሆንበት ቦታ ይሄ ነው። ግን ትንሹ ድርጅት ይፈራል፣ ኮንትራቱን ላጣ እችላለሁ ይላል፣ ይፈርማል። ኋላ ኦዲት ላይ ችግር ሲመጣ ተመላሽ ክፈል የሚባለው እሱ ነው፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

አንድ ያልዘጋሁት ከባድ ጉዳይም አለኝ፣ የሰዎች የግል መረጃ። የተጠቃሚዎችን ስምና የጤና ሁኔታ በአንድ አመት ውስጥ እናጠፋለን ብላችሁ ፖሊሲ አውጥታችኋል፣ ለሰዎቹም ቃል ገብታችኋል። ግራንቱ ደሞ ገንዘቡን የሚደግፍ ሰነድ ሁሉ 3 አመት ይቀመጥ ይላል። ይሄ እውነተኛ ግጭት ነው፣ ሰነዱ መቀመጥ አለበት፣ ግን ቃላችሁስ? እኔ የማደርገው ሁለት ነገር ነው፣ መጀመሪያ ለወጪው ማስረጃ የሚያስፈልገው ምኑ እንደሆነ እለያለሁ፣ ብዙ ጊዜ ፊርማና ቀን እንጂ የጤና ታሪኩ አይደለም፣ የማያስፈልገው ይጠፋል። የሚያስፈልገው ደሞ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ህጉ ራሱ የግል መረጃን ጠብቁ ይላል። ከዛ በኋላ ለሚመጡት ተጠቃሚዎች የምናስፈርመውን ወረቀት እናስተካክላለን። ያለፉት ግን ያለፉት ናቸው፣ ለነሱ የገባነው ቃል ከህሊናዬ አልወጣም።

አሁን ማኑዋል ስለመጻፍ። ብዙ ማኑዋል ላይ የተገለበጠች አንቀጽ አለች፣ "ይህ ፖሊሲ ከዶነር ህግ ጋር ቢጋጭ የዶነሩ ይጸናል" የምትል፣ ከአንዱ ድርጅት ወደ አንዱ ኮፒ ፔስት እየተደረገች። ይቺ አንቀጽ በማኑዋላችን ላይ ነበረች እኮ! ለኦዲተሯም አሳየኋት። "ግጭት የታለ?" አለችኝ። የላላና የጠበቀ ነው ያላችሁ እንጂ ግጭት የላችሁም አለች፣ እውነቷን ነው። እኔ ብጽፋት "ግራንቱ ከኛ ከጠበቀ ግራንቱን፣ እኛ ከጠበቅን እኛን እንከተላለን፣ ሁለቱን አንድ ላይ መፈጸም ካልተቻለ ከሰጪው በጽሁፍ ጠይቀን እስኪመልስ ወጪውን እናቆያለን" እላለሁ። ሌላው ደሞ ማኑዋል ለማሳመር አይጻፍ። የኛ 3,000 ከየት መጣች መሰላችሁ? ማንም አያውቅም። ምናልባት ማኑዋሉን ያዘጋጀው አማካሪ ጠበቅ ያለ ሲሆን ያምራል ብሎ ይሆናል፣ ቦርዱም ሳያነብ አጸደቀ፣ እኛም ሳንጠብቃት አምስት አመት ኖርን።

ከኦዲቱ በኋላ መነሻውን ወደ 8,000 አሳደግነው፣ የቦርዱ ቃለ ጉባኤም አለ። አለቃዬ ወዲያው "እንግዲህ 7,200ውም ከመነሻው በታች ሆነ፣ ለኦዲተሯ እንጻፍላት" አሉኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መልሷ በማግስቱ ነው የመጣው፣ የሁለት መስመር ነበር። ግዢው የተፈጸመበትን ቀንና ቦርዱ የፈረመበትን ቀን ጎን ለጎን ጽፋ ልካልኛለች። ተመላሹን ከድርጅቱ የራሱ ሂሳብ ከፈልን።

በሚቀጥለው እትማችሁ ያቺን አረፍተ ነገር ብታርሟት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ግራንት ሂሳብ ላይ የሚሰራ አንባቢያችሁ